የሚቆጠር ቀንና የሚነበብ ወረቀት፦ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረምን ስለ መረዳትና ስለ ማከም
በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ

ንግግሩ ከግቢያችን ወጥቶ እዚህ እንዲደረግ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። አቃቂ ቃሊቲ ከጥጥ ፋብሪካው ዘመን ጀምሮ የሠራተኛ ሴቶች ሰፈር ነው። ዛሬ የማነሣው ሕመም ደግሞ ልክ በእነርሱ ዕድሜ ክልል የሚገኝ፣ ብዙ ጊዜም ስሙ በትክክል ሳይነገር የሚያልፍ ነው።

ስለ አንዲት ሴት ልናገር። ይህች ሴት አንድ ሰው አይደለችም፤ በዓመታት ውስጥ ካየኋቸው ታካሚዎች ያሰባሰብኋት ናት። ዕድሜዋ 26 ነው፤ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራለች፤ ካገባች ሦስት ዓመቷ ነው። ገና ከመቀመጧ ከቦርሳዋ ታጥፎ ታጥፎ ጠርዙ ያለቀ የአልትራሳውንድ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ታኖራለች። «ዶክተር፣ ሁለቱም ኦቫሪሽ ላይ ብዙ ሲስት አለ ተብያለሁ። አልወልድም ማለት ነው?» ትላለች። አማቷ ለልጃቸው ሌላ ሴት ማፈላለግ ጀምረዋል፤ ይህን የምትናገረው ወደ መጨረሻ ላይ ነው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ወረቀቱን ሳላነሣ፣ «የወር አበባሽ በስንት በስንት ቀን ነው የሚመጣው?» ብዬ ስጠይቃት፣ «ይህን እስካሁን የጠየቀኝ ሰው የለም» ትላለች።

በዚያ ወረቀትና በዚህ ጥያቄ መካከል ስላለው ርቀት ነው ዛሬ የምናገረው። ወረቀቱ ገንዘብ ያስወጣል፤ ጥያቄው በነጻ ነው። ለዚህ ሕመም ግን ከወረቀቱ ይልቅ ጥያቄው የበለጠ ይነግረናል።

በመጀመሪያ ስሙን እንመልከት፤ ብዙው ጭንቀት የሚመጣው ከስሙ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1721 ቫሊስኔሪ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም ያልወለደች አንዲት ወጣት የገበሬ ሚስት ኦቫሪዎቿ ከተለመደው ተልቀው፣ ነጭና የሚያብረቀርቁ ሆነው እንዳገኛቸው ጽፏል። ሕመሙ በዘመናዊ ሕክምና የታወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ1935 ስታይንና ሌቨንታል የተባሉ ሁለት የቺካጎ ሐኪሞች ስለ 7 ሴቶች ባሳተሙት ጽሑፍ ነው። ሴቶቹ የወር አበባቸው የተቋረጠ ነበር። ሐኪሞቹ ከኦቫሪያቸው ላይ ቁራሽ ቆርጠው ሲያወጡ የሰባቱም ወር አበባ ተመለሰ፤ ሁለቱም አረገዙ። በዘመኑ ደም ውስጥ ያለን ሆርሞን መለካት አይቻልም ነበርና ያዩትን ስም አደረጉት፦ ብዙ ሲስት ያለበት ኦቫሪ። ስሙ ሳይለወጥ ሕመሙን ይዞ ዘለቀ። እኔ በበኩሌ በሕክምና ታሪክ ውስጥ በታካሚዎች ላይ ይህን ያህል ጉዳት ያደረሰ ስም ጥቂት ነው እላለሁ፤ «ሲስት» የሚለውን የሰማች ሴት የምታስበው መቆረጥ ያለበት ዕጢ ነውና።

በእውነቱ ሲስት የለም። በጤነኛ ኦቫሪ ውስጥ በየወሩ ብዙ ጥቃቅን የእንቁላል ከረጢቶች ማደግ ይጀምራሉ፤ ከእነርሱ አንዱ ሌሎቹን ቀድሞ ይበስልና እንቁላሉን ይለቃል። የቀሩት ይከስማሉ። በዚህ ሕመም ግን ከረጢቶቹ ማደግ ይጀምሩና ጥቂት ሚሊሜትር ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። ቡቃያው ብዙ ነው፤ ለእሸት የሚደርስ ግን ይጠፋል። አልትራሳውንዱ ላይ ጥቁር ጥቁር ነጥብ ሆኖ የሚታየው ያ ቡቃያ ነው። ስለዚህ «እንቁላል የለሽም» ማለት ፍጹም ስሕተት ነው፤ እንቁላሉ አለ፣ እንዲያውም ብዙ ነው፣ በጊዜው አልወጣም እንጂ።

ለምን ቆመ? የአንጎል ሥር ዕጢ የምታመነጨው አንዱ ሆርሞን ከመጠን ያልፍና ኦቫሪው የወንድ ሆርሞን የምንለውን ቴስቶስትሮንንና መሰሎቹን አብዝቶ እንዲሠራ ያዝዘዋል። እግረ መንገዴን ልበልና ይህ ሆርሞን በሁሉም ሴት አካል ውስጥ በጥቂቱ ያለ ነው፤ ስሙ ብቻ ነው ወንዴ። በዚህ ላይ ኢንሱሊን ይጨመራል። በብዙዎቹ ሴቶች ጡንቻና ጉበት ኢንሱሊንን በቀላሉ አይታዘዙም፤ ስለዚህ ቆሽት አብዝታ ታመነጫለች። የበዛው ኢንሱሊን ደግሞ ሁለት ነገር ያደርጋል። ኦቫሪውን ተጨማሪ ቴስቶስትሮን እንዲሠራ ይገፋዋል፤ ጉበትንም ቴስቶስትሮንን ይዞ የሚያስረውን ፕሮቲን እንዳታመርት ያደርጋታል። ውጤቱ በደም ውስጥ ልቅ ሆኖ የሚዞር ቴስቶስትሮን መብዛት ነው፤ የፊት ፀጉር፣ ብጉር፣ የራስ ፀጉር መሳሳት፣ የከረጢቶቹም መቆም ከዚህ ይመጣል። ሕመሙ በቤተሰብ ይወርዳል። ወፍራም ሴቶች ላይ ይበረታል፤ ነገር ግን ቀጭን ሴት አይዛትም ማለት አይደለም፤ በእኛ አገር ቀጭኗን «አንቺ ምን ሆነሽ!» ብሎ መመለስ የተለመደ ስለ ሆነ ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት በመውለድ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከአሥሯ አንዷ ገደማ ይህ ሕመም እንዳለባት፣ ካለባቸውም እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት እንዳልታወቀላቸው ይገምታል።

አሁን ወደ ምርመራው ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2003 በሮተርዳም ከተማ የተሰበሰቡ ሊቃውንት የተስማሙበት መመዘኛ ዛሬም መሠረቱ እርሱ ነው። ሦስት ነገሮች ይታያሉ፦ የወር አበባ መዛባት፣ የወንዴ ሆርሞን መብዛት ምልክት በአካል ወይም በደም ምርመራ፣ የኦቫሪው መልክ በአልትራሳውንድ። ከሦስቱ ሁለቱ ከተገኙና ሌላ ምክንያት ከሌለ ሕመሙ አለ ይባላል። ልብ በሉ! የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ካሉ አልትራሳውንድ ለምርመራው አያስፈልግም፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያም ይህንኑ በግልጽ ይናገራል። በተቃራኒው ደግሞ አልትራሳውንዱ ብቻውን ሕመም አይደለም። ምንም ሕመም ከሌላቸው ወጣት ሴቶች ከአምስቷ አንዷ ገደማ ኦቫሪዋ ይህን መልክ ይዞ ይታያል። በተለይ ልጃገረዶች ላይ የተለመደ ስለ ሆነ፣ የመጀመሪያ ወር አበባዋን ካየች 8 ዓመት ያልሞላትን ልጅ በአልትራሳውንድ ይህ ሕመም አለብሽ ማለት እንደማይገባ መመሪያው ያስጠነቅቃል። የ16 ዓመት ልጃቸውን ይዘው ወረቀት በእጃቸው የሚመጡ እናቶች አሉ። ወረቀቱን አስቀምጠን ስለ ልጅቱ እንነጋገር እላቸዋለሁ።

ወደ ቆጠራው እንግባ፤ የእኛ አገር ሴት በዚህ ረገድ ከሌላው ዓለም የምትበልጥበት ነገር ስላላት ነው። አንድ የወር አበባ ዑደት የሚቆጠረው ደም ከታየበት የመጀመሪያ ቀን እስከ ሚቀጥለው የመጀመሪያ ቀን ነው። ለጎልማሳ ሴት ከ21 እስከ 35 ቀን ጤነኛ ነው፤ ከዚህ ካነሰ ወይም ከበለጠ፣ ወይም በዓመት ከ8 ጊዜ በታች ከመጣ ተዛብቷል እንላለን። የእኛ ወር ደግሞ ወጥ 30 ቀን ነው፤ ቀኑም ስም አለው። በወር አበባዋ ወቅት ቤተ ክርስቲያን የማትገባ ሴት «በጥቅምት ሚካኤል አልሳለምሁም» ብላ ታስታውሳለች። ከሚካኤል እስከ ሚካኤል 30 ቀን ነው። በጥቅምት ሚካኤል ጀምሯት በኅዳር ገብርኤል ከተመለሰ 37 ቀን ሆነ፤ አልፏል። በጥቅምት ሚካኤል ለጀመራት ሴት ጤነኛው ክልል ከኅዳር በዓታ እስከ ኪዳነ ምሕረት ማግስት ነው። ጳጉሜን ብቻ እንዳትረሱ፤ ከነሐሴ ሚካኤል እስከ መስከረም ሚካኤል 35 ቀን ነው፣ ጳጉሜ ስድስት በምትሆንበት ዓመት 36። ሙስሊም እኅቶቻችን ደግሞ ከረመዳን በኋላ ቀዷ የሚያወጡትን ቀን ቁጥር አይረሱም። እርጉዝ ሳትሆን፣ የወሊድ መከላከያም ሳትወስድ በየዓመቱ ረመዳንን አንድም ቀን ሳታፈጥር የምትጨርስ ወጣት ካለች፣ ያ እንደ ብርታት የሚቆጠር ሳይሆን ወደ ጤና ጣቢያ የሚያስኬድ ምልክት ነው። ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቻችን የማሳስበው ይህን ነው፦ «የወር አበባሽ ይስተካከላል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሉም «ይስተካከላል» ትላለች። ያለፉትን ሦስት ቀኖች በስማቸው ጠይቋት።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ መሰናክል አለ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው ካገቡ ሴቶች 35 በመቶው ዘመናዊ የወሊድ መከላከያ ይጠቀሙ ነበር፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ፣ ከጠቅላላው 23 በመቶው ማለት ነው፣ የሚወጉት የሦስት ወሩን መርፌ ነው። መርፌው የወር አበባን ያዛባል ወይም ያስቀራል፤ ካቆሙትም በኋላ ለመመለስ ብዙ ወራት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ መርፌ ካቆመች ስድስት ወር ያልሞላትን ሴት አልትራሳውንድ አይቶ ሕመምተኛ ማለት ችኮላ ነው። እንዲሁም ጥያቄው መገልበጥ አለበት፦ መርፌውን ከመጀመርሽ በፊትስ እንዴት ነበር? ከዚያ እርግዝና መኖሩ፣ የታይሮይድና የፕሮላክቲን ሆርሞን መዛባት፣ በአገራችን ደግሞ ማኅፀን ውስጥ የሚገባ የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስ መኖሩ ይታያል። የመጨረሻውን ስም ስጠራ የሚገረሙ አሉ፤ ቲቢ የማኅፀንን ውስጠኛ ሽፋንና ቱቦውን አጥፍቶ ወር አበባ ያስቀራል።

ሁለተኛው ምልክት፣ ፀጉሩ፣ በዐይን የሚታይ ይመስላል፤ አይታይም። ሴቲቱ ወደ ሐኪም ከመምጣቷ በፊት አገጯን ነቅላ ወይም ላጭታ ነው የምትመጣው። ስለዚህ ማየት ብቻ አይበቃም፣ በክብር መጠየቅ ያስፈልጋል። የአንገት ኋላና የብብት መጥቆርም እንዲሁ። ቆዳው እንደ ከፋይ ወፈር ብሎ ይጠቁራል፤ ይህ የበዛ ኢንሱሊን ምልክት ነው። ብዙዎቹ ግን እድፍ መስሏቸው በሻካራ ጨርቅ እስኪቆስል ይፈትጉታል። አንገቷን ለመሸፈን በሙቀት ሻርፕ የማታወልቅ ሴት ስታዩ ይህን አስቡ።

ሕክምናውን በሁለት መንገድ ነው የማየው፦ አሁን ልጅ የምትፈልግና አሁን የማትፈልግ። ብዙ ጊዜ የምንረሳት ሁለተኛዋን ነው። «ስታገቢ ይስተካከላል» ተብላ ትሸኛለች። እንቁላል ካልወጣ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን አይሠራም፤ ያለ እርሱ የማኅፀን ሽፋን ያለ ገደብ ይወፍራል። ለወራት ጠፍቶ የቆየ ወር አበባ አንድ ቀን እንደ ጎርፍ የሚመጣው ለዚህ ነው። ዓመታት ሲደጋገም ሽፋኑ ወደ ካንሰር የመለወጥ ዕድሉ ይጨምራል። ስለዚህ ያላገባችም ብትሆን ቢያንስ በ3 ወር አንድ ጊዜ ማኅፀኗ እንዲጸዳ በፕሮጄስትሮን ዐይነት ክኒን ወይም በተለመደው ባለ ሁለት ሆርሞን የወሊድ መከላከያ ክኒን መታገዝ አለባት። ባለ ሁለት ሆርሞኑ ክኒን ፀጉሩንና ብጉሩንም ያሻሽላል። የደም ግፊት ወይም የደም መርጋት ላለባት ግን አይሰጥም፤ ስለዚህ ከመድኃኒት ቤት በግምት አይገዛም። ክኒኑ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ይገኛል። እንቅፋቱ ሌላ ነው። እናት ከልጇ ትራስ ሥር የወሊድ መከላከያ ስታገኝ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ክኒኑን ስንጽፍ፣ ልጅቱ ከፈቀደች፣ እናቲቱን አስገብተን «ይህ ለማኅፀኗ መጠበቂያ የታዘዘ ሆርሞን ነው» ብለን ማስረዳት የሕክምናው ክፍል ነው።

ሜትፎርሚን ሌላው ነው። «የስኳር መድኃኒት ሰጡኝ፣ ስኳር ያዘኝ እንዴ?» ይባላል። ስኳር ባይኖርም አካል ኢንሱሊንን እንዲታዘዝ ይረዳል። በትንሽ መጠን፣ ከምግብ ጋር ይጀመራል፤ ማቅለሽለሹ በዚህ ይቀንሳል። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ 12ን ሊያሳንስ ስለሚችል አጽዋማቱን ሁሉ ለሚጾሙ ይህ መታየት አለበት።

አሁን ልጅ ወደምትፈልገው ልሂድ። ከሁሉ አስቀድሞ ባል ይመርመር። የወንድ ዘር ምርመራ ከሴቲቱ ምርመራዎች ሁሉ የቀለለ ነው፤ ከምርመራዎቹ ሁሉ የሚዘገየው ግን እርሱ ነው። አንድ ጽዋ ላይ የሚያልቅ ምርመራ ስላልተደረገ ሚስቲቱ ለሁለት ዓመት መድኃኒት የዋጠችባቸውን ቤቶች አይቻለሁ። ከዚያ የሚታዘዘው ሌትሮዞል ነው፤ የወር አበባ በመጣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ተጀምሮ ለ5 ቀን ይዋጣል። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ ይፋ የሆነ 750 ሴቶች የተካፈሉበት ጥናት ሌትሮዞል ከወሰዱት 27.5 በመቶ፣ ቀድሞ የተለመደውን ክሎሚፊን ከወሰዱት 19.1 በመቶ ሕያው ልጅ እንደ ወለዱ አሳይቷል። ሌትሮዞል መጀመሪያ የተሠራው ለጡት ካንሰር ስለ ነበር የማሸጊያውን ወረቀት ያነበበች ሴት ደንግጣ ትመለሳለች፤ ሐኪሙ አስቀድሞ ካልነገራት መድኃኒቱ ሳይዋጥ ይቀራል። ክሎሚፊንን ደግሞ ከጎረቤት ተቀብላችሁ አትዋጡ፤ መንታና ከመንታ በላይ እርግዝና ያመጣል።

በክኒን ካልሆነ የመርፌ ሆርሞን፣ በካሜራ የሚደረግ የኦቫሪ ቀዶ ሕክምና፣ በመጨረሻም ከማኅፀን ውጭ ማዳቀል አለ። ይህ የመጨረሻው ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት በኩል በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ይሰጣል። ብዙዎቹ ግን እዚያ ሳይደርሱ ያረግዛሉ። ያረገዘች ሴት የእርግዝና ስኳርና የደም ግፊት ስጋቷ ከፍ ያለ ነውና በመጀመሪያው ክትትል ይህ ሕመም እንዳለባት ትናገር። በዚህ ሰፈር ለምትኖሩ፣ ጤና ጣቢያው ሪፈር የሚጽፍላችሁ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ቅርብ ነው፤ በ2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ ሁለት ወርቅ ባገኘች ሴት ስም የሚጠራ ሆስፒታል የሴቶች ጉዳይ ሲነሣ መጠቀሱ ደስ ይለኛል።

ስለ ምግብና እንቅስቃሴ አጭር ነኝ። ለዚህ ሕመም የተለየ «ተአምረኛ» አመጋገብ የለም። ጤፍ እንጀራ ጠላት አይደለም፤ ሽሮና ምስር ወዳጆች ናቸው። የምቀንሰው ሦስት ማንኪያ ስኳር የሚገባበትን ሻይ፣ ለስላሳውንና ፓስታ በዳቦን ነው። ክብደቷ ለበዛ ሴት 5 በመቶ መቀነስ፣ ለ70 ኪሎዋ ሴት ሦስት ኪሎ ተኩል ማለት ነው፣ ወር አበባን ሊመልስ ይችላል። ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ ቆሞ መዋል እንቅስቃሴ አይደለም፤ ድካም ነው። በሳምንት 150 ደቂቃ ልብ የሚያፈጥን እርምጃ ያስፈልጋል። ከቃሊቲ ባቡር ጣቢያ ቤት ድረስ በእግር መሄድ ይበቃ ነበር፤ ፈረቃው ሲመሽ ግን መንገዱ እንደሚያስፈራ አውቃለሁ፣ ስለዚህ ይህን ምክር ለማታ ፈረቃ ሠራተኛ አልሰጥም።

ከመግቢያው ላይ ከሰበሰብናቸው የጽሑፍ ጥያቄዎች ሦስቱን ልመልስ። «ጠበል እየተጠመቅሁ መድኃኒቱን ላቁም ወይ?» ጠበሉንም መድኃኒቱንም አታቁሚ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። «ሕመሙ ይድናል ወይ?» ነቅሎ የሚያጠፋ መድኃኒት የለም፤ ነገር ግን ወር አበባው ይስተካከላል፣ ፀጉሩ በስድስት ወር ገደማ ይቀንሳል፣ ስኳርና የደም ግፊት በየጊዜው እየታዩ ይጠበቃሉ። ሐዘኑና ጭንቀቱም ከሕመሙ ጋር አብሮ የሚመጣ ስለ ሆነ ለሐኪም ይነገር።

ሦስተኛው ከአንድ ባል የተጻፈ ይመስላል። «ሚስቴ ይህ አለባት ተብሏል፤ እኔ ምን ላድርግ?» ይላል። መጀመሪያ ራስህን አስመርምር። ቀጥሎ የሚቀጥለው ቀጠሮዋ ላይ አብረሃት ግባ፤ የሰማኸውንም ለእናትህ አንተው ንገራቸው። በሉ፣ ከኋላ መቀመጫ እጅ ያወጡት እኅት ይቀጥሉ፤ ድምፅ ማጉያው ይድረሳቸው።